ታፔላው ሲቀየር መዝገቡ የት ይገባል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ለውጥ አያስፈልጋቸውም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ለአንድ ፊርማ ሳምንት የተመላለሰ ባለጉዳይ ይህን ሊል አይችልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አሮጌው መዋቅር ከፈረሰበት ቀን አንሥቶ አዲሱ እስኪቆም ድረስ ያለውን ጊዜ ማን ያስተዳድረዋል?

የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው ሕግ ከ1998 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ታውጇል፦ አዋጅ ቁጥር 471፣ 691፣ 916፣ 1097 እና 1263። አንዱን መሥሪያ ቤት ብቻ እንከተል። በ1998 የውሃ ሀብት ሚኒስቴር የነበረው በ2003 የውሃና ኢነርጂ ሆነ። በ2008 የውሃ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ ተባለ። በ2011 ኤሌክትሪክ ወጥቶ ኢነርጂ ተመለሰ፤ በ2014 ደግሞ መስኖ ተነጥሎ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ የ2003 ስሙን መልሶ አገኘ። ማኅተም ቀራጮች ሳይጠቀሙ አልቀሩም።

አዋጆቹ ወደ መጨረሻ ገደማ የቀድሞው መሥሪያ ቤት መብትና ግዴታ ለአዲሱ መተላለፉን ይደነግጋሉ። በወረቀት ላይ ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። የትኛው ጉዳይ የት ደርሶ እንደቆመ የሚያስታውሰው ግን ሰው ነው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በተካሄደበት ዘመን እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤቱ ባልደረባችን ማኅደሮችን ከነመደርደሪያቸው በቃል ያውቋቸው ነበር። በአዲሱ ድልድል ቦታ አላገኙምና «ተንሳፋፊ» ተባሉ። ወራት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላቸው ያለ ሥራ ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ባለው ክፍል ደግሞ ባለጉዳዮች «ፋይልዎ አልተገኘም» እየተባሉ ይመለሱ ነበር። ምደባውን የምንጠባበቀው ሌሎቻችንም ብንሆን ነገ የማን እንደሚሆን በማናውቀው ጉዳይ ላይ ለመፈረም ወኔው አልነበረንም። ይህን ስንፍና ማለት ቀላል ነው። ኃላፊነቱ በጽሑፍ ያልተሰጠው ሠራተኛ ግን ከመወሰን መጠበቅን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የዚህ አሠራር አባት የሚባለው አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፉ፣ አሮጌውን አሠራር በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ ከናካቴው ማስወገድ ይሻላል አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ለሰው የሚገባውን ትኩረት እንዳልሰጠ ራሱ አምኗል። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ሳንሰማ ቀረን።

ስድስተኛ አዋጅ መምጣቱ የማይቀር ከሆነ፣ አርቃቂዎቹ ስለ ሽግግሩ ወራት አንድ አንቀጽ ይጨምሩልን። አዲሱ መስኮት አገልግሎት እስኪጀምር አሮጌው አይዘጋ፤ ሠራተኛው ዕጣው የሚታወቅበት ቀን ተቈርጦ ይነገረው፤ በእጁ ያለውን ጉዳይ በዝርዝር ሳያስረክብ ከወንበሩ አይነሣ። ታፔላው ጥቂት ወራት ቢዘገይ የሚጎዳ ባለጉዳይ የለም።