በርጫ ላይ ወኔ፣ ሲነጋ ስንፍና

«ዕድሜዬ 47 ነው። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ልብስ እሰፋለሁ። ዓምና ስኳር አለብህ ተባልኩ፤ ሐኪሙም በእግርህ ሂድ አለኝ። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጦ ነው ያለፈው፣ ስለዚህ ፍርሃቱ አለኝ። ቱታና ስኒከር ገዝቼ ሦስት ቀን ሄድኩና ተውኩት። ቱታው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የሚገርመው፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ስቀመጥ ሐኪም ጋራን ሮጬ የምወጣ ይመስለኛል። ሲነጋ ወኔው የለም። አንዴ ጅቡን፣ አንዴ ብርዱን፣ አንዴ የሰው ዓይን ሰበብ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ‹አንተ የምትሮጠው በአፍህ ነው› ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?»
(ከሐረር)

ወንድማችን፣ ባለቤትዎ እየቀለዱም ቢሆን ነገሩን አግኝተውታል። የምርቃና ወኔ ብድር ነው፤ ጠዋት ከነወለዱ ይጠየቃል። ጫቱ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዎታል፣ ያልተኛ ሰው ደግሞ ማለዳ ተነስቶ አይሄድም። «እንግዲያው መርቅኜ ልሩጥ» እንዳይሉ ብቻ! ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በዚያ ላይ ሩጫ መጨመር አደጋ አለው። ጨርሰው ይተዉ ብንልዎ እንደማይሰሙን እናውቃለን። ቢያንስ በርጫውን ቀነስ፣ ቀደም ብለው ያብቁ።

ወኔ እስኪመጣ አይጠብቁ። ሰው ወኔ ኖሮት አይደለም ጥርሱን የሚፍቀው፤ ስለለመደው ነው። ቱታውን እዚያው ሚስማሩ ላይ ይተዉት። ገበያ ለመሄድ ቱታ የሚለብስ የለም፣ በዘወትር ልብስዎ ቢሄዱ ማንም ዞሮ አያይዎትም። ጫማው ግን ይደረግ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጠጠር ቢወጋዎ ላይሰማዎ ይችላል። ጫማውን ከማጥለቅዎ በፊት ያራግፉት፣ ማታ እግርዎን አገላብጠው ይዩ። የአባትዎን ነገር ያነሱልን እርስዎ ነዎት።

መንገዱ ደጅዎ ነው። የጀጎል ግንብ ዙሪያ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሸዋ በር ተነስተው በፈላና፣ በኤረር፣ በሰንጋና በቡዳ በር በኩል ዞረው፣ በሐረር በር አድርገው ቢመለሱ፣ ቀልጠፍ ላለ ሰው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አራት ዙር ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ግን ከአንዱ በር እስከ ሌላው ሄደው ይመለሱ፤ ሦስት ቀን ሄደው የተዉት ምናልባት አብዝተው ስለጀመሩ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ስኳር ይስባል፣ ሐኪሙ ሂድ ያለዎትም ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ ለሚያቀረቅር ሰው ደግሞ አንድ ሱሪ በጨረሰ ቁጥር ብድግ ማለት ራሱ ዋጋ አለው።

ጅቡን በተመለከተ ፀሐይ ስትወጣ ይውጡ፣ ያኔ እሱም ወደ ዋሻው ገብቷል። መርፌ ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን ከወሰዱ ከረሜላ ኪስዎ አይጥፋ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ ከመጣ ቁጭ ብለው ይብሉት። ሰዓቱንም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ባለቤትዎን ደግሞ «ነይ አብረን እንሂድ» ይበሏቸው። ያን ምላስ ይዘው ደጅ ላይ ከቆሙ አልጋ ላይ መቅረት ይከብድዎታል። ከወር በኋላ ስንት በር እንደደረሱ ጻፉልን።