መንግሥታት ሲኳረፉ ስካውቶች የጠበቁት ደን

«ቀጠናዊ ትብብር» ሲባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የሆቴል አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃና በመጨረሻው ሰዓት የሚነበብ የአቋም መግለጫ ነው። ይህን ጥርጣሬዬን ካለዘቡልኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ የቪሩንጋ ደን ነው።

ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ዴሞክራቲክ ኮንጎ በሚገናኙባቸው የእሳተ ገሞራ ተራሮች ላይ ያለው ይህ ደን ስፋቱ 450 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የተራራ ጎሪላ በዓለም ላይ የቀረው እዚህና ራቅ ብሎ በሚገኘው የብዊንዲ ደን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ የነበሩት 250 ያህል ነበሩ፤ በ2015 እና 2016 በተደረገው ቆጠራ 604 ተገኙ። የብዊንዲዎቹ ሲደመሩ ቁጥሩ ከሺሕ አለፈ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በ2018 የአደጋ ደረጃቸውን በአንድ እርከን ዝቅ አደረገው።

ዘመኑ የሰላም ዘመን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስደነቀኝ። በ1994 ሩዋንዳ ውስጥ የዘር ጭፍጨፋ ተፈጸመ። በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በኮንጎዋ ጎማ ከተማ ዙሪያ ሰፈሩ፤ ማገዶውም ከቪሩንጋ ተቆረጠ። የኮንጎ ጦርነቶች ተከተሉ። ከዚያም የከሰል ነጋዴዎችና ታጣቂዎች ደኑን ተቀራመቱት። በኮንጎ በኩል ባለው ፓርክ ብቻ ባለፉት ዓመታት ከ200 የሚበልጡ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ተገድለዋል። ሦስቱ መንግሥታት አንዳንዴ በጠላትነት፣ አንዳንዴ በኩርፊያ ነው የኖሩት። ዛሬም ኪጋሊና ኪንሻሳ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ታዲያ የሦስቱን አገሮች ትብብር ያቆየው ምንድን ነው? እኔ ከመሪዎቹ ፊርማ ይልቅ ቆጠራውን አስቀድማለሁ። ጎሪላ በየማታው ቅጠልና ቅርንጫፍ እያጠፈ አዲስ መኝታ ያነጥፋል። ቆጣሪዎቹ ዱካ ተከትለው መኝታዎቹን ያገኛሉ፤ ከየመኝታው የተለቀመው ፋንድያ በላቦራቶሪ ተመርምሮ አንዱን ከሌላው ይለያል። መንጋው ዛሬ ሩዋንዳ አድሮ ነገ ኮንጎ ሊውል ስለሚችል፣ እያንዳንዱ አገር ለብቻው ቢቆጥር አንዱን ጎሪላ ሁለቴ ይመዘግባል ወይም ጭራሽ ሳይቆጥረው ያልፋል። ስለዚህ የሦስቱ አገሮች ሰዎች አብረው መውጣት ግድ ሆነባቸው። ይህን ዓይነቱን ሥራ ከ1991 ጀምሮ ሲያስተባብር የቆየ የጋራ የጎሪላ ጥበቃ ፕሮግራም አለ፤ የመንግሥታቱ መደበኛ ስምምነት የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በየቀኑ የሚሠራው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፦ ለድኩላና ለሚዳቋ ተብሎ የተጠመደ፣ ግን የጎሪላ እጅ የሚቆርጥ ወጥመድ መንቀል፤ እያንዳንዱን ጎሪላ በአፍንጫው መስመር መለየት። ለዜና የሚሆን ነገር የለውም።

ገንዘቡም አለ። ሩዋንዳ ከ2017 ጀምሮ አንድ የውጭ ጎብኚ ጎሪላ ለማየት 1,500 ዶላር እንዲከፍል ታደርጋለች፤ ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶው ለአካባቢው ነዋሪ ይመደባል። ለእኔ ትንሽ ነው። ዝሆኑም ጎሽም ሰብሉን የሚያወድምበት ገበሬ ደኑን የሚታገሠው በልቶ ሲያድር ነው።

ይህን ሁሉ ሳሞግስ ባትዋዎችን ባልፋቸው ግን ውሸት ይሆንብኛል። ኡጋንዳ ብዊንዲንና ምጋሂንጋን በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ስታደርግ፣ በደኑ ውስጥ ሲኖር የነበረው ይህ ሕዝብ ያለ በቂ ካሳ ወጥቷል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በደሉን ያመነው በ2021 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ።

ይህን ትምህርት ይዘን ወደ እኛዋ ጋምቤላ እንምጣ። በደቡብ ሱዳን ሣር ምድር የሚፈልሱት የቆርኬና የሚዳቋ ዓይነቶች ስድስት ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ በ2024 ይፋ ተደርጓል፤ አብዛኞቹ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ናቸው። ከእነርሱ የተወሰኑት እዚያው ደቡብ ሱዳን ካለው የቦማ ፓርክ ተነሥተው ድንበራችንን ይሻገራሉ። ጋምቤላ ከ300 ሺሕ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልላለች፤ የማገዶውን ነገር ጎማ አስተምሮናል። ሰፋፊ እርሻዎች ደግሞ የእንስሳቱን መንገድ እየቆረጡት ነው። ኢጋድ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቦማንና ጋምቤላን በአንድነት ያካተተ የብዝኃ ሕይወት ፕሮግራም አካሂዷል። ፕሮጀክት ግን በጀቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ስካውቱ ነው እዚያው የሚቀረው።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊዎችን የምጠይቀው ትልቅ ስምምነት አይደለም። በሚቀጥለው የፍልሰት ወቅት የጋምቤላና የቦማ ስካውቶች በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ሳምንት አብረው ይቁጠሩ። ደመወዛቸውም በወሩ ይከፈላቸው። ለዚህ የጁባንና የአዲስ አበባን ሙሉ ሰላም መጠበቅ አያስፈልግም።