ቤት ገዛሁ ማለት ምን ገዛሁ ማለት ነው?

የደብረ ታቦር ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ በእጁ ዘግኖ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ ሚዛኑን ተመልክቶ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ ለመኖሪያ ቤት በሚያወጣበት ዕለት «ካርታ አለው፣ ነባር ነው» የሚለውን የደላላ ቃል ብቻ ሰምቶ ቀብድ ሲቆጥር ይታያል። ስለሆነም በቤት ሽያጭ የሚነገሩትን ቃላት ለይቶ ማወቅ ለንግዳችን ደኅንነት የሚያስፈልግ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልናሳስብ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቦታና ቤት የተለያዩ ናቸው። አባቶቻችን በበጌምድር «ርስት» ሲሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የመሬት መብት ማለታቸው ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። እንግዲህ ሻጭ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያለውን ቤት ነው፤ ከቦታው የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ብቻ ነው።

ይህም መብት ሁለት ዓይነት ነው። «ነባር ይዞታ» የሚባለው የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘው ሲሆን፣ «የሊዝ ይዞታ» ግን ለተወሰነ ዘመን በውል የተያዘው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት የሊዙን ዘመን 99 ዓመት አድርጎ ወሰነ። በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍም አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ አዘዘ። ገዢው «ነባር ነው» ሲባል ከሊዝ ክፍያ ነፃ የሆነ ይዞታ የገዛ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ነባርነቱ ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይደለም። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ነጋዴ ለሸቀጥ መግዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለቤቱ ለማዋል ይገደዳል።

«ካርታ» የምንለው የይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ ነው። ቦታው በማን ስም እንደተያዘ ያስረዳል እንጂ ቤቱ በፈቃድ የተሠራ ለመሆኑ በራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ለዚህ የግንባታ ፈቃዱንና ፕላኑን መጠየቅ ይገባል። «የቀበሌ ቤት»ም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም።

«ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ»ም አንድ አይደሉም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከዋጋው ላይ የተከፈለ ድርሻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የትኛው እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጥ መጻፍ አለበት።

አንዳንዶች «እኛ በሽማግሌ ፊት በቃል ስንስማማ ኖረናል፤ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን?» ይሉ ይሆናል። ቃልን ማክበር የተመሰገነ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የሚቀረው መዝገቡ ነው፤ ባንክም ቤትን በመያዣነት የሚቀበለው ሰነዱን አይቶ እንጂ ምስክር ጠርቶ አይደለም።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን ከከተማው አስተዳደር ጋር ተመካክሮ የእነዚህን ቃላት ትርጉም በአንድ ገጽ አሳትሞ በየሱቁ ቢያድል መልካም ነው እንላለን። ነጋዴውም በበኩሉ ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር ሳያመሳክር ገንዘብ አይቁጠር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ አንድ ቀን በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ መቆም ነገ ብዙ ዓመት በፍርድ ቤት ከመመላለስ ያድናል።