ፒክሳር ወይስ ድሪምወርክስ? ከመፍረዴ በፊት የምከፍለው ዕዳ አለብኝ

ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ደግሞ የአንዳንድ ፊልሞችን መጨረሻ ስለምናገር ያላያችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ክርክሩ ጦፏል። ርዕሱ ፖለቲካ አይደለም፣ የኑሮ ውድነትም አይደለም። አኒሜሽን ነው! ግማሹ ፒክሳር፣ ግማሹ ድሪምወርክስ። ተከራካሪዎቹ ሕፃናት እንዳይመስሏችሁ፤ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ ሁለቱ ወላጆች ሆነዋል። ስለ ኒሞና ስለ ሽሬክ ሲሆን ግን የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ ነው የሚመስሉት። አንዱ "አፕ ፊልም መጀመሪያው ላይ ያላለቀሰ ሰው ልብ የለውም" ይላል። ሌላው "ለማልቀስማ ዜና አለ፤ ሽሬክ ነው ያሳቀን" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ መሰዳደብ ይጀመራል። በመጨረሻ "ቲቸር ይፍረዱን" ብለው እኔን ታግ አደረጉኝ።

እሺ፣ እፈርዳለሁ። ግን ከዚያ በፊት የምናዘዘው ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይህን ጸብ የጀመራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጄፍሪ ካትዘንበርግ የዲዝኒን የፊልም ክፍል ይመራ የነበረ ሰው ነው። በ1994 ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከስቲቨን ስፒልበርግና ከዴቪድ ጌፈን ጋር ድሪምወርክስን መሠረተ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፒክሳር ከዲዝኒ ጋር ሆኖ ቶይ ስቶሪን አወጣ። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እሱ ነው።

ከዚያ 1998 መጣ። ድሪምወርክስ አንትዝን አወጣ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ፒክሳር ኤ በግስ ላይፍን አወጣ። ሁለቱም ስለ ጉንዳን! ሁለቱም ከሌላው ጉንዳን ሁሉ የተለየ ስለ አንድ ምስኪን ጉንዳን! የፒክሳር ሰዎች "ሐሳባችን ተወሰደ" አሉ፤ ካትዘንበርግ ደግሞ "አልወሰድኩም" አለ። በ2001 ሽሬክ መጣና የዲዝኒን የልዕልት ተረቶች እያነሳ ይቀልድባቸው ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ለረጅም አኒሜሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ ሽሬክ የፒክሳሩን ሞንስተርስ ኢንክን አሸንፎ ወሰደ። ይኸው እስከ ዛሬ የምትጨቃጨቁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

እኔ የለየለት ፒክሳር ነበርኩ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ በእኛ በ2006 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ የእንግሊዝኛ ክበብ ኃላፊ አደረጉኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በላፕቶፕና በተበደርነው ፕሮጀክተር ፊልም እናያለን፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ እንወያያለን። ፊልሞቹን በፍላሽ የማስጭነው እኔ ነኝ፤ መራጩም እኔ ነኝ። ምርጫዬ ሁልጊዜ ፒክሳር ነው። ለምን ስባል "ድሪምወርክስ ቀልድ ቸርቻሪ ነው፣ ቁም ነገር የለውም" እል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና ከድሪምወርክስ ሥራ በደንብ ያየሁት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው።

ከክበቡ አባላት አንዱ ስምንተኛ ክፍል እያለ በመኪና አደጋ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ ልጅ ነበር። በክራንች ነው የሚሄደው። (ይህን የምጽፈው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው።) ጎበዝና ዝምተኛ ነበር። አንድ ሐሙስ ፋይንዲንግ ኒሞን አሳየኋቸው። ኒሞ አንዱ ክንፉ ትንሽ የሆነ ዓሣ ነው። እኔም ለልጁ የጠቀምኩ መስሎኝ ፊልሙን መሀል ላይ አቆምኩና "አካል ጉዳት አለመቻል አይደለም" ብዬ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እሱን አየው። እሱ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው።

በሳምንቱ አንድ ፍላሽ ይዞ መጣ። "ቲቸር፣ ዛሬ ይህን ብናይስ?" አለኝ። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። "ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን።" እኔም ክፍሉ እየሰማ "የድሪምወርክስ አይደል? የሽሬክ ፋብሪካ! እዚህ የምናየው ቁም ነገር ያለው ነው" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ፍላሹን ኪሱ ከተተና ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ፊልም ይዞ አልመጣም። እኔም ረሳሁት።

ባለፈው ክረምት ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ቤት ተቀምጠን ያንን ፊልም አየሁት። የመረጠችው እሷ ናት። የማታውቁት ካላችሁ፣ ሂካፕ የሚባል ቀጭን የቫይኪንግ ልጅ አንድ ድራገን በወጥመድ መትቶ ይጥላል፤ ድራገኑ የጅራቱን ግማሽ ክንፍ ያጣና መብረር ያቅተዋል። ልጁ ሊገድለው ሄዶ አልጨክን ይለዋል። በኋላ አንጥረኛ ቤት ገብቶ በገዛ እጁ ሰው ሠራሽ ክንፍ ይሠራለታል። ክንፉ ግን ልጁ ላዩ ላይ ሆኖ በእግሩ ካላንቀሳቀሰው አይሠራም። አንዱ ያለ ሌላው አይበርም ማለት ነው።

መጨረሻው ላይ ከትልቁ ውጊያ በኋላ ሂካፕ አልጋ ላይ ይነቃል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጋል፣ ዝቅ ብሎ ያያል፣ ዝም ይላል። ግራ እግሩ የለም፤ በቦታው ከእንጨትና ከብረት የተሠራ እግር አለ። ይነሳል፣ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ሊወድቅ ሲል ድራገኑ በጭንቅላቱ ደገፍ ያደርገዋል። ጅራቱ የጎደለው እግሩ የጎደለውን ደግፎ ሁለቱም ወደ በሩ ይሄዳሉ። ማንም ንግግር አያደርግም። "አካል ጉዳት አለመቻል አይደለም" የሚል መምህር እዚያ የለም።

ልጄ "አባዬ፣ እግሩ የት ሄደ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ትዝ ያለኝ ያ ፍላሽ ነው።

ልጁ ያን ቀን ሊያሳየን የፈለገው ምን እንደሆነ የገባኝ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ኒሞ ክንፉ ትንሽ የሆነው ከእንቁላሉ ሲወጣ ጀምሮ ነው፤ ሌላ ክንፍ ኖሮት አያውቅም። የዚያ ፊልም ዋና ጥያቄም የአባትየው ፍርሃት ነው፤ ልጁን ከልክ በላይ መጠበቁ። ግሩም ፊልም ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ፣ አባት ከሆንኩ ወዲህማ ብሶብኛል። የሂካፕ ግን ሌላ ነው። የነበረህን ነገር አጥተህ አንድ ጠዋት መንቃት ምን ይመስላል ነው ጥያቄው። የእኔ ተማሪ ኒሞን አልነበረም፤ ሂካፕን ነበር። እኔ ግን ማህተሙን አይቼ ፊልሙን ገፋሁት፤ ከፊልሙ ጋር ልጁንም ገፋሁት።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይሄ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ በዲፕሎማ ነው የማስተምረው። ስብሰባ ላይ ስናገር ሐሳቤን ትተው ወረቀቴን የሚያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያንጊዜ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። እያወቅኩ ያንኑ አደረግሁት።

እና ፍርዱ? ፍርዴ እንዲህ ነው፦ ስቱዲዮ ፊልም አይሠራም። ፊልም የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ደግሞ ቤት ይቀይራሉ።

ማስረጃ ካላችሁኝ እነሆ። ያን የድራገን ፊልም የሠሩት ክሪስ ሳንደርስና ዲን ደብሎይስ ናቸው። ሁለቱ ከዚያ በፊት በ2002 ሊሎ ኤንድ ስቲችን ሠርተዋል፤ የት? ዲዝኒ! ሁለቱንም ተከታትላችሁ እዩና አንድ እጅ እንደሠራቸው ታውቃላችሁ፤ ሁሉም የሚፈራው አውሬና ማንም የማይረዳው ልጅ ጓደኛ ሲሆኑ። ሳንደርስ በ2024 ደግሞ እዚያው ድሪምወርክስ ዘ ዋይልድ ሮቦትን ሠራ። ብራድ በርድን ውሰዱ። በ1999 ለዋርነር ብራዘርስ ዘ አይረን ጃይንትን ሠራ፤ ሲኒማ ቤት ከሰረ። ከዚያ ፒክሳር ገብቶ በ2004 ዘ ኢንክሬዲብልስን አወጣ። ሰውየው አንድ ነው፤ የተቀየረው በር ላይ ያለው ስም ነው።

"ፒክሳር አይሳሳትም" ለምትሉ ደግሞ 2011ን አስታውሱ። ፒክሳር ካርስ 2ን አወጣ፤ ለኦስካር እንኳ አልታጨም። በዚያው ዓመት ድሪምወርክስ ኩንግ ፉ ፓንዳ 2ን አውጥቶ ታጨ። የማደጎ ልጅ "እኔ የማን ነኝ?" ብሎ የሚጠይቅበት፣ ዝይ የሆነው አሳዳጊ አባቱ "ልጄን ላጣው ነው" ብሎ የሚሰጋበት ፊልም ነው። ይሄ ቀልድ ችርቻሮ ነው? በ1998ስ፣ ጉንዳኑ በወጣበት ዓመት፣ የሙሴን ታሪክ በዘ ፕሪንስ ኦቭ ኢጂፕት የነገረን ማን ነው? ድሪምወርክስ ነው። በተቃራኒው "ፒክሳር ማስለቀስ ብቻ ነው የሚያውቀው" የምትሉ ሞንስተርስ ኢንክን ድጋሚ እዩት። የከተማው መብራት የሚሠራው በሕፃናት ጩኸት ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ሳቅ ከጩኸት የበለጠ ኃይል እንዳለው ይደርሱበታል። ስለ ሳቅ ከዚህ የበለጠ ምን ይባል?

አንዷ ልጅ ግሩፑ ላይ "ቲቸር፣ ስቱዲዮም እኮ የራሱ ጠባይ አለው" ብላለች። ልክ ናት። ፒክሳር ቶይ ስቶሪ 2ን አልጣመንም ብሎ ሊወጣ ዘጠኝ ወር ገደማ ሲቀረው ታሪኩን እንደገና ሠርቶታል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለበት ቤት ጥሩ ሥራ ቢበዛበት አይገርምም። ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ውስጥም ደካማ ክፍለ ጊዜ አለ፤ ስም የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥም ዕድሜ ልክ የማትረሱት መምህር አለ። የቤቱ ስም ግምት ይሰጣችኋል፤ ፍርድ ግን አይሰጣችሁም። ለመፍረድ ማየት ያስፈልጋል።

ደግሞ የምትሰዳደቡላቸውን ድርጅቶች እወቋቸው። ፒክሳርን ዲዝኒ በ2006 በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። ድሪምወርክስ አኒሜሽንን ኮምካስት በ2016 በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። እነዚህ ሰዎች አንዳችሁንም አያውቁም። የሰደባችሁት ግን አንድ ዴስክ ላይ አብሯችሁ የተቀመጠ፣ ደብተር ያዋሳችሁ ጓደኛችሁ ነው።

አታወዳድሩ እያልኩ አይደለም። ማወዳደር ደስ ይላል፤ ደግሞም ያስተምራል። ግን ፊልምን ከፊልም ጋር አወዳድሩ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን ይፈልጋል? ያንን ለማግኘት ምን አጣ? ያጣውን ፊልሙ በእውነት አሳየን ወይስ በመጨረሻ በቀልድ ሸፈነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ብትከራከሩ ስድብ ቦታ አያገኝም። ፊልሙ ሲያልቅ የሚወርደውን የስም ዝርዝርም አትዝለሉት። የምትወዱት ሰው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ያን ተማሪዬን ፈልጌ አገኘሁት። አሁን አካውንታንት ሆኗል፤ ሰው ሠራሽ እግርም አስገጥሟል። በቴሌግራም ረጅም ይቅርታ ጻፍኩለት። አይቶት ለአንድ ቀን ዝም አለኝ፤ ተጨነቅሁ። ከዚያ "ቲቸር፣ ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽዎትም" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ግን እንኳን አዩት። ሁለተኛውንስ አይተውታል?" ብሎ ጠየቀኝ።

አላየሁትም። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ላየው ነው። ዘንድሮ ክበቡ ላይ ደግሞ ፊልም የሚመርጡት ተማሪዎቹ በተራ ናቸው፤ እኔ ፕሮጀክተሩን ብቻ ነው የማበራው።

እናንተም ኮመንት ላይ የስቱዲዮ ስም እንዳትጽፉብኝ። አንድ ትዕይንት ብቻ ጻፉ፤ ለምን ልባችሁ ውስጥ እንደቀረም ንገሩን። ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።