ዘፋኙ የባሕረኛውን ዕዳ ሲሸከም

«ሙዘኪራት በሓር»፣ በአማርኛ «የአንድ ባሕረኛ ማስታወሻ»፣ የኩዌት ብሔራዊ ቀን ፌብሩዋሪ 25 በመጣ ቁጥር ስማቸው ከሚነሣ የመድረክ ሥራዎች አንዱ ነው። ግጥሙን የጻፈው ኩዌታዊው ባለቅኔ ሙሐመድ አል-ፋይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ገናም አድ-ዲካን ዜማ ደርሶለት፣ የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪዎች አጅበውት ለብሔራዊ በዓሉ በመድረክ ቀረበ፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። መሪውን ሚና የያዘው ተዋናይ ሳይሆን ዘፋኝ ነበር፤ «ሻዲ አል-ኸሊጅ» በሚል ስም የሚታወቀው ዐብዱልዐዚዝ አል-ሙፈሪጅ። ድምፃዊቷ ሰናእ አል-ኸራዝም አብራው አዚማለች።

ዘፋኝን የቴሌቪዥን ቴአትር መሪ ማድረግ ዛሬ የተፈጠረ የገበያ ብልሃት ይመስለን ይሆናል። ኤፕሪል 1 ቀን 2018 የአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» የተባለውን የሮክ ሙዚቃ ቴአትር ከብሩክሊን በቀጥታ ሲያስተላልፍ፣ መሪውን ሚና ዘፋኙ ጆን ሌጀንድ፣ የንጉሥ ሄሮድስን ሚና ደግሞ የሮክ ሙዚቀኛው አሊስ ኩፐር ተጫውተዋል። ለሙስሊም ተመልካች እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የዘፋኙ የትወና ችሎታ አይደለም። ነቢዩ ዒሳን፣ ዐለይሂ ሰላም፣ በሰው መመሰሉ ራሱ ነው ጥያቄው። አል-አዝሃር ነቢያትን በተዋናይ ማሳየትን አጥብቆ ይቃወማል፤ በ2014 «ኖኅ» የተሰኘው ፊልም በኳታር፣ በባሕሬንና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እንዳይታይ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነበር። (ስለ ሙዚቃ መሣሪያ በዑለማዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።) ሻዲ አል-ኸሊጅ የወሰደው ሚና ግን የነቢይም የንጉሥም አልነበረም። ዕዳ ያለበት ሠራተኛ ነበር።

ነዳጅ በ1938 በቡርጋን ከመገኘቱ፣ በ1946ም ወደ ውጭ መላክ ከመጀመሩ በፊት ኩዌት የምትተዳደረው በባሕር ንግድና በሉል ነበር። የሉል ጠለቃው ዋና ወቅት በሐሩሩ ወራት አራት ወር ያህል ይዘልቅ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩን በክብደት ላይ አሳርፎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ «ሰይብ» የሚባለው ጓደኛው ገመዱን ይዞ ከላይ ይጠብቀዋል፤ ምልክት ሲሰጠው ይስበዋል። ይህ ከጧት እስከ ማታ ይደጋገማል። በመርከቧ ላይ ደግሞ «ነሃም» የሚባል አዚያሚ አለ። ሥራው ሸራ ሲሰቀል፣ መቅዘፊያ ሲገፋ የሠራተኛውን ክንድ በዜማ ማስተባበር ነው። ስለዚህ ባሕረኛውን ዘፋኝ እንዲጫወተው መደረጉ ለዝናው ሲባል ብቻ አልነበረም ባይ ነኝ፤ በዚያች መርከብ ላይ ማዜም ራሱ የሥራ ድርሻ ነበርና።

ከባሕሩ ጥልቀት ይልቅ የሚከብደው የዕዳው መዝገብ ነበር። ጠላቂው ከመነሣቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ብድር ከመርከቡ አለቃ፣ ከ«ኖኽዛው»፣ ይወስዳል። ሉሉ ተሸጦ ድርሻው ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ጠላቂው ሲሞት ዕዳው ለወንድሙ ወይም ለልጁ የተረፈበትም ጊዜ ነበር። አለቃውን ለቆ ወደ ሌላ መርከብ ለመግባት ከፈለገ «በርዋ» የምትባል ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ምን ያህል ዕዳ እንደቀረበት የምትገልጽ፣ ከቀድሞው አለቃ እጅ የምትገኝ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ብድር ነው፤ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ምስክር እንዲቆምለት፣ ተበዳሪው ማስጻፍ ካልቻለም ተጠሪው በፍትሕ እንዲያስጽፍለት ያዛል። በጠላቂው ዘመን ብዕሩ በአበዳሪው እጅ ነበር።

በሳልሚያ ወይም በጀህራ ሰው ቤት የምትሠራ እኅት በርዋ ምን እንደሆነ ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻትም። ከደሴ ወይም ከጅማ ስትነሣ ለደላላ የተበደረችውን ታውቃለች፤ አሠሪ ለመቀየር የማን ፈቃድ እንደሚጠየቅም ታውቃለች። ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ደንግጋለች፤ በተከታዩ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር እንዲሆን ተወስኗል። ኢትዮጵያም የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን በዐዋጅ ቁጥር 923/2008 ለማስተካከል ሞክራለች። ይሁን እንጂ ሕግ ከታተመበት ወረቀት እስከ ማብሰያ ቤቱ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

መድረኩ እዚህ ላይ ይመጣል። ኩዌታውያን ራሳቸውን በባዕድ አገር እንግዳ አድርገው ማየት ያውቃሉ፤ ዐብዱልሑሴን ዐብዱርሪዳ በ1981 በ«ባይ ባይ ለንደን» ያሳቃቸው በዚሁ ነበር፤ ተውኔቱ በቴሌቪዥን እየታየ ትውልድ ተሻግሯል። በአገራቸው ያለው እንግዳ ተራ ሲደርሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2018 ረመዷን በ«ብሎክ ገሽመራ» አስቂኝ ዝግጅት ላይ ተዋንያን ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ሱዳናውያንን ሲያስመስሉ ከሱዳን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ተዋናዩ ሐሰን አል-በላምም ይቅርታ ጠየቀ። ጠላቂ የነበረው አያት በዜማ ከብሮ ሲቀርብ፣ ዛሬ በዚያው ባሕር ዳርቻ ለቤተሰቡ ዕዳ የሚደክመው አፍሪካዊ በተቀባ ፊት የሚቀርብበት ምክንያት፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ የጥበብ ዕጦት አይደለም። ለመሪው ሚና የሚታጨው ሕይወት የማን ነው የሚለው ምርጫ ነው።

በ1979 ከሻዲ አል-ኸሊጅ ኋላ ቆመው የዘመሩት ተማሪዎች ሁሉም ከነዳጁ በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ የጠለቃን ነገር የሚያውቁት ከትልልቆቻቸው አፍ ብቻ ነበር። የደሴዋና የጅማዋ እኅት ልጅም እናቱ ኩዌት ላይ ያሳለፈችውን የሚሰማው በስልክ ነው፤ ያውም እርሷ ልትነግረው የፈቀደችውን ያህል። ይህን ታሪክ ተሸክሞ በመድረክ የሚቆም ድምፅ ቢፈለግ ከወሎ መንዙማ ቤት አይጠፋም።