ከላስታ እስከ ቤይሩት፦ ከሕግ ውጭ የቆመችው የቤት ሠራተኛ

ከላስታ ደጋ ተነስታ ቤይሩት የምትገባን ወጣት ሁለት ቀንበር ይጠብቃታል፤ በጥቁረቷ የሚደርስባት ንቀትና የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር የሚያቆራኘው የከፋላ ሥርዓት። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ፣ በአንቀጽ 7፣ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በ2012 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ፣ ኢኮኖሚው ሲናጋ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው መሄዳቸው የዚሁ ውጤት ነው።

መንግሥታችን ስለነዚህ ዜጎች ሊሟገት ይገባል። ግን በየትኛው አፉ? የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ያቺው የላስታ ልጅ አዲስ አበባ በቤት ሠራተኛነት ብትቀጠር፣ አዋጁ ለሌላው ሠራተኛ የሚሰጠውን የሥራ ሰዓት ገደብና የዓመት ዕረፍት በዚሁ አዋጅ መጠየቅ አትችልም።

ቤይሩትን የምንጠይቀውን መብት አስቀድመን በቤታችን እንስጥ፤ ያኔ ሙግታችን ያምራል።