አፈራችን ተከሷል፤ ምስክሩስ የት አለ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ጥናቱን የመሩት የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው የከባቢ አየር ተመራማሪ ፖል ፓልመር ናቸው። የጥናቱ ቃል ባጭሩ ይህ ነው፤ በሳተላይት ሲታይ በሞቃታማው አፍሪካ ካርቦን በብዛት ወደ አየር የሚወጣባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በምዕራብ አፍሪካ ነው። ሁለተኛው ምዕራብ ኢትዮጵያ!

አዎ፣ የእኛው ምዕራብ ኢትዮጵያ። የፋብሪካ ጭስ የማይታይበት፣ ጫካና ቡና የምናውቀው ያ አገር። ይህን ያህል ክስ በአንድ አገር መሬት ላይ ሲቀርብ፣ ቢያንስ አንድ ባለሥልጣን ብድግ ብሎ “እውነት ነው” ወይም “ውሸት ነው” ማለት አልነበረበትም? እኔ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲወራ አልሰማሁም። ስለዚህ ነው ዘግይቼም ቢሆን የማነሳው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሰው ልጅ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ፣ ደንም መንጥሮ ከሚለቀው ካርቦን ውስጥ ሲሶውን ያህል የሚውጥልን የብሱ ነው፤ ዕፅዋቱና አፈሩ ማለት ነው። ሩብ ያህሉን ደግሞ ውቅያኖስ ይወስደዋል። ይሄ ሁሉ በነፃ ነው፤ ደረሰኝ የለው፣ ቀረጥ የለው። ጥያቄው ግን መሬቱ እስከ መቼ ነው የሚውጥልን የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር ሃድሊ ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ፒተር ኮክስና ባልደረቦቻቸው አየሩን፣ ባሕሩን፣ ደኑንና አፈሩን በአንድ ስሌት አያይዘው በኮምፒዩተር አሰሉት። ያገኙት መልስ የሚያስደነግጥ ነበር። ምድር ስትሞቅ በአፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን ያፋጥናሉ፤ ብስባሹን በፍጥነት እየበሉ ካርቦኑን ወደ አየር ይለቁታል። በስሌቱ መሠረት በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም የዓለም መሬት መዋጡን ትቶ መትፋት ይጀምራል።

ትክክል ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ2006 ፒየር ፍሬድሊንግስታይንና ጓደኞቻቸው 11 እንዲህ ዓይነት ሞዴሎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አወዳደሩ። ሁሉም አቅጣጫው ላይ ተስማሙ፤ ሙቀት ሲጨምር መሬትና ባሕር ካርቦን የመዋጥ ጉልበታቸው ይደክማል። መጠኑ ላይ ግን ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2100 በዚህ ምክንያት በአየር ላይ የሚጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 20 እጅ ነው ያለ አለ፤ 200 ነው ያለም አለ። አሥር እጥፍ! 20 ብርና 200 ብር አንድ ነው የሚል ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። ልዩነቱም በአብዛኛው የመጣው ከመሬቱ ስሌት ነው።

ወደ ፓልመር ጥናት ልመለስ። ሳተላይት ካርቦኑ ከአፈር ሲወጣ አያይም። የሚያየው ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ በአየሩ ውስጥ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለ ይገመታል። ቀሪው የስሌት ሥራ ነው። ሰፈር ውስጥ ቡና ሲቆላ ሽታው ደርሷችሁ “ነፋሱ ከወዲያ ስለሆነ ከእነ እገሌ ቤት ነው” እንደምትሉት ማለት ነው። ነፋሱን በትክክል ካወቃችሁ ቤቱን ታገኙታላችሁ፤ ነፋሱን ከሳታችሁ ግን ድስት ያልጣደ ጎረቤት ቡና ቆልቷል ትላላችሁ። በዚያ ላይ ሳተላይቱ በደመና ውስጥ አሻግሮ ማየት አይችልም። የጅማንና የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንዲያም ሆኖ ፓልመርና ባልደረቦቻቸው የጃፓኑን ጎሳትና የአሜሪካኑን ኦሲኦ-2 የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች፣ የተለያዩ ሞዴሎችንም ተጠቅመው፣ ሞቃታማው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 1.65 ቢሊዮን ቶን ካርቦን እንደለቀቀ ገመቱ። ዝቅ ሲል 1.14፣ ከፍ ሲል 2.42 ቢሊዮን ሊሆን ይችላል አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የመላው ሞቃታማ አፍሪካ ሂሳብ ነው። የኮንጎ ተፋሰስ ሲውጥ ነው የታየው። ወደ እኛና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጣት የተቀሰረበትንም ምክንያት ጠቅሰዋል፤ በአፈር ውስጥ ብዙ ካርቦን የተከማቸባቸውና የመሬት አጠቃቀም በእጅጉ እየተለወጠባቸው ያሉ ቦታዎች ናቸው ብለው ነው። ይህቺ ምክንያት ለእኛ ባዕድ አይደለችም። በምዕራቡ ክፍል ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ሰፋፊ መሬት ለባለሀብት ሲታደል አይተናል። ጫካ ተመንጥሮ ሲታረስ አፈሩ ለዘመናት ያጠራቀመውን ካርቦን ጉልህ ክፍል በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንደሚያጣ ደግሞ የታወቀ ነው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 በቤንጃሚን ጎቤር የተመራ ሌላ ቡድን የተለየ ውጤት ይዞ መጣ። እነዚህኞቹ ከ2016 እስከ 2018 በውቅያኖሶች ላይ እየበረረ አየሩን በቀጥታ የለካ አውሮፕላን መረጃ ተጠቅመው፣ የሳተላይቱ ግምት ተጋኗል፤ የሞቃታማው አፍሪካ ገቢና ወጪ ካርቦን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው አሉ። እንግዲህ አንደኛው ቢሊዮን ከምናምን ቶን ይላል፣ ሌላኛው ከሞላ ጎደል ባዶ ይላል። አንደኛው ዳኛ ጠፈር ላይ፣ ሌላኛው አትላንቲክ ላይ። መሬታችን ላይ የቆመ ዳኛ የለም!

ተመራማሪዎቹን አልወቅስም። የፓልመር ጥናት ገና ሲጀምር፣ በሞቃታማ አገሮች መሬት ላይ የሚደረግ ልኬት በጣም ጥቂት ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። በበኩሌ የምወቅሰው የባለቤቱን ዝምታ ነው። ጥናቱ ከመታተሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 29 ቀን 2019፣ መንግሥታችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ ለዓለም አውጆ ነበር። ችግኝ መትከሉን የሚጠላ የለም፤ እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን የችግኝ ቁጥር የካርቦን ቁጥር አይደለም። ስንቱ ጸደቀ? የጸደቀውስ ምን ያህል ካርቦን ያዘ? ከጎኑ ባለው ቀበሌ የተመነጠረው ጫካና የታረሰው አፈር ምን ያህል አወጣ? ገቢውን እየቆጠሩ ወጪውን የማይመዘግቡት ሂሳብ በየትኛው ኦዲተር ነው የሚያልፈው?

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ተችሎ ታይቷል። በወላይታ ሁምቦ ወደ 2,700 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በገበሬው ጥበቃ ከጉቶው አቆጥቁጦ፣ ካርቦኑ በቶን ተለክቶ ዓለም ባንክ 165,000 ቶኑን ለመግዛት ተዋውሎበታል። ገበሬው የተዋዋለው በተለካ ቶን እንጂ በወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኢትዮሲስ የተባለው የአፈር መረጃ ሥራም ለማዳበሪያ ምክር ተብሎ ከየወረዳው የአፈር ናሙና ሰብስቧል። ቆፍሮ መለካት እንግዲህ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

መረጃውን ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ባለፈው ዓመት ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የምዕራቡን አካባቢ የአፈር ካርቦን ልኬት ጠየቅሁ። “ከመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ያምጡ” ተባልኩ። በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ፣ መሥሪያ ቤት የለኝም ብል፣ “እንግዲያው ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ይፈልጉ” የሚል ምላሽ ተሰጠኝ። ወይ ጉድ! ስለ አገሬ አፈር ለማወቅ ሰማይ ላይ ያለው ሳተላይት ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ መረጃውን ለማንም ይሰጣል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። የካርቦን ሽያጭ እየሰፋ ነው፤ ሁምቦ ላይ የሆነው ነገ ከፋና ኢሉባቦር ላይ ይመጣል። ገዢው የራሱን ሞዴል ይዞ ይቀርባል። የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ ቁጥር ሳይኖረው ይፈርማል። መሬቱ ይተፋል የሚል ስሌት ከቀረበ ዋጋ ይወርድበታል፤ ይውጣል ከተባለ ደግሞ “ደኑን አትንካ፣ ከብትህን አውጣ” ይባላል። በሁለቱም በኩል ከፋዩ ገበሬው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የተሰበሰበው የአፈር መረጃ ለተማሪውም፣ ለጋዜጠኛውም፣ ለገበሬ ማኅበሩም ያለ ደብዳቤ ይከፈት። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በከፋ ጫካዎች ውስጥ ካርቦኑ ሲገባና ሲወጣ ሌት ተቀን የሚቆጥር መሣሪያ የተሰቀለባቸው ማማዎች ይቁሙ፤ ዋጋቸው ውድ ነው፣ ለችግኝ ዘመቻው ሥነ ሥርዓት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ግን ውድነቱን ሚኒስቴሩ ራሱ ይንገረን። እና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቀረበው ክስ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት መልሱ ምንድነው?